እኔ የጻፍኩት ዘጠነኛ አንቀጽ

ለምወድሽና ለማከብርሽ ለእትዬ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ቤቱስ ሰላም ነው? ጉልበትሽ ደረጃ መውጣት ቻለ? ሐኪሙ ያዘዘልሽን መነጽር ታደርጊዋለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ መሳቢያ ውስጥ አስተኝተሽዋል? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ጤናዬ ደህና ነው፤ መቀመጫ መቆሚያ ግን አጥቻለሁ። ይህን የምጽፍልሽ ፍርድ ቤት መተላለፊያ ላይ ሆኜ ነው። አትደንግጪ፣ ተከሳሽ አይደለሁም፤ ምስክር ነኝ።

የምኖርበት ቤት ባለቤት እማማ፣ ዲግሪዬን ከያዝኩ ወዲህ «ጠበቃዬ» ነው የሚሉኝ። አምና የተከራዮቹ ውል አርጅቶ ስለተቀዳደደ «እስቲ በወጉ ጻፍልኝ» አሉኝ። መቼም ታውቂኛለሽ፤ ግማሽ ገጹን ውል ሦስት ገጽ አደረግኩት። ከትምህርት ማስታወሻዬ ያማረኝን ሁሉ እየለቀምኩ ስጨምር፣ ዘጠነኛው አንቀጽ ላይ አከራይ ቤቱን ለራሱ ሲፈልገው ተከራይ በአሥራ አምስት ቀን ይለቃል የሚል ሰካሁበት። የድሮው ውል ስድስት ወር ይሰጥ ነበር።

መንገድ ዳር ያለውን ክፍል የተከራየችው ልብስ ሰፊ ስትፈርም እስፒሎቿን በከንፈሯ ይዛ ነበር። «ምን ይላል?» አለችኝ በጥርሷ መሃል። «ያው የድሮው ነው፤ በንጹሕ ወረቀት ተገለበጠ እንጂ» አልኳት። ዘጠነኛው ጭራሽ ትዝም አላለኝ። «አንተ ከጻፍከውማ» ብላ ፈረመች።

አሁን እማማ ክፍሉን ለወንድማቸው ልጅ ሱቅ ፈለጉት። እሷ ግን አሥራ አንድ ዓመት ደንበኛ ያፈራችበት ነው፤ ሁለት የስፌት መኪናና የሦስት ሙሽሮች ቀሚስ ይዛ በአሥራ አምስት ቀን የት ትግባ? አልወጣም አለች፣ ተከሰሰች። ትሰድበኛለች ብዬ ስጠብቅ «ያን ቀን ያልከኝን ብቻ ለዳኛው ንገርልኝ» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እማማ ደግሞ በረንዳው ላይ ጠብቀው «ጠበቃዬ፣ እዚያ አፍህን ከከፈትክ እዚህ በር አልከፍትልህም» አሉኝ። የምለማመድበት ቢሮ ጠበቃም ሳቁብኝ፤ «ገና ፈቃድ ሳታወጣ ስህተትህን በመዝገብ ልታስይዝ? አላስታውስም በልና ተገላገል» አሉ። ሰሞኑን ይህችን ቃል ስለማመዳት ከረምኩ። ፊቴን ስታጠብ አላስታውስም፣ አውቶቡስ ውስጥ አላስታውስም። ሻንጣዬን ትናንት አሰርኩ፣ ፈታሁ፣ ዛሬ ጠዋት መልሼ አሰርኩ።

ቅድም ልብስ ሰፊዋ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። የኮቴ ቁልፍ ተንጠልጥሎ አየችና «ዳኛ ፊት እንዲህ ሆነህ ልትቀርብ? አትንቀሳቀስ!» ብላ፣ ክርና መርፌ ከቦርሳዋ አውጥታ እላዬ ላይ ሰፋችው። እትዬ፣ ከዚያ በኋላ አላስታውስም የሚለውን ቃል ከየት ላምጣው? አስታውሳለሁ እላለሁ። ቃል በቃል። ስህተቱ የእኔ መሆኑንም ጨምሬ። ክፍሉን ያተርፍላት እንደሆነ አላውቅም።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ቤት ፈላጊ መሆኔን ግን አትንገሪያት። ለባለቤትሽ ለጋሼ ከነሳቃቸው ሰላምታዬ ይድረሳቸው። ትልቋ ልጅሽን ጎበዝ በያት፣ ትንሹን ጉንጩን ንከሽልኝ።

መልስሽን ወደ እማማ ቤት አትላኪ። በልብስ ሰፊዋ ስም፣ መንገድ ዳር ባለው ክፍል አድራሻ ላኪልኝ። ደርሶኝ መልሼ ከጻፍኩልሽ፣ ያኔ ለእሷ መፈረዱን አወቅሽ ማለት ነው።

ወንድምሽ

ከሦስተኛው ችሎት በር ላይ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ስሜ ሊጠራ አንድ ሰው ሲቀረኝ