ያላለቀው ካፖርት

ውድ ድንቢጤ፣

ትናንት አሥራ ስድስት ዓመት የሞላትን ልጄን ይዤ ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። "እናት፣ እርስዎ ውጪ ይጠብቁ" አለችኝ ነርሷ። ልጄ ገባች፣ በሩ ተዘጋ፣ እኔም አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አጠገቤ የነበሩ አዛውንት "አይዞሽ፣ ትድናለች" ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። የማለቅሰው ላንቺ እንደሆነ በምን ያውቃሉ?

ያኔ አንቺም እኔም አሥራ ሰባት አልሞላንም። በአሠሪያችን በእትዬ ልብስ ስፌት ቤት ቁልፍ እየተከልን ሙያ የምንለምድበት ጊዜ ነው። ከእምብርትሽ በታች የሚወጋሽን ነገር ለአባትሽ መናገር አልቻልሽም። "ከየት አመጣሽው ቢለኝ ምን እላለሁ? ከወንድ ልጅ ጋር መሆኔን ካወቀ አለቀልኝ" አልሽኝ። ጤና ጣቢያ ብቻሽን ብትሄጂ ዕድሜሽን ጠይቀው "ወላጅ ወይም አሳዳጊ ይዘሽ ነይ" ብለው መለሱሽ። ሕጉ እንደዚያ ነበር።

እናም እኔ አክስትሽ ሆንኩ። እትዬ ለምሳ ስትወጣ የአንዲት ደንበኛ ካፖርት ለበስኩ፣ ከንፈሬን ቀባሁ፣ ድምፄን አጎረነንኩ። መንገድ ላይ "አክስቴ፣ ቀስ ይበሉ፣ ጉልበትዎን" እያልሽ ስታሾፊብኝ፣ ሳቁ ሆድሽን ይወጋሽና ግድግዳ ትደገፊ ነበር።

የካርድ ክፍሏ ሴትዮ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

"ምኗ ነሽ?"

"አክስቷ።"

"አክስቷ፣ ካፖርትሽ እኮ ገና ተሰፍቶ አላለቀም።"

እጅጌው ለጊዜው በተያዘበት ነጭ ክር ተንጠልጥሏል፣ ደረቱ ላይ የጠመኔው መስመር እንዳለ ነው። እንደዚያ ያለ ልብስ ስናይ ስለምንውል ለእኛ ምንም አልጎደለውም ነበር። ሴትዮዋ ክፉ አልነበረችም። "ልጆቼ፣ ሥራዬን ነው የማጣው። ለእናትሽ ንገሪያት" አለችሽ። እናት እንደሌለሽ አታውቅም።

ከዚያ በኋላ "እየተሻለኝ ነው" ማለት ጀመርሽ፣ ትኩሳቱ እያንቀጠቀጠሽ ስፌት መኪናሽ ላይ ትቀመጪ ነበር። አባትሽ ተሸክሞ ሆስፒታል ሲያደርስሽ በሽታው ደምሽ ውስጥ ገብቷል። ሐኪሙ "ቀደም ብላ ብትመጣ በኪኒን ትድን ነበር" አለው። ከቀበርንሽ በኋላ አባትሽ "ብትነግረኝ ምን አደርጋት ነበር?" እያለ ያገኘውን ሁሉ ይጠይቅ ነበር። እኔንም ጠይቆኛል። ድንቢጤ፣ ናፍቀሽኛል። ይህን ያህል ዓመት ቆይቶም እንዲህ እንደሚናፍቅ የነገረኝ ሰው የለም።

አሁን ሕጉ ተቀይሯል። በዚያ ዕድሜ ያለች ልጅ ራሷ ፈቅዳ ትታከማለች፣ ምስጢሯም አይወጣባትም። ደንበኞቼ "ታዲያ ወላጅ ምን ሊሠራ ነው?" እያሉ ሲያማርሩ ስፒሌን በከንፈሬ ይዤ ልካቸውን እወስዳለሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ትናንት በሩ ሲዘጋ እኔም ተነስቼ ጆሮዬን በሩ ላይ ልለጥፍ ምንም አልቀረኝ። ግን ተቀመጥኩ።

ልጄ ወጥታ "ምነው እማዬ፣ ምንም አትጠይቂኝም?" አለች።

"መድኃኒት ሰጡሽ?"

"ሰጡኝ።"

ከዚህ በላይ አልጠየቅኳትም። ኪኒኗን ይዛ ከፊት ከፊቴ ስትሄድ እያየሁ፣ አንቺም እንዲህ መውጣት ነበረብሽ አልኩ።

ያን ካፖርት ለደንበኛዋ ያስረከብነው በማግስቱ ነበር። እጅጌውን የጨረስሽው አንቺ ነሽ፣ ከነትኩሳትሽ።

እስክንገናኝ የማትረሳሽ፣
የካርድ ክፍሏ ሴትዮ ያላመነቻት አክስትሽ