መሶብ ተብሎ ለክብር እንግዳ ስለ ተሸለመው የጌጤ መብራት

ለተከበሩ አቶ ሙላቴ አዳነ
የመብራትና የቤት ማስዋቢያ ዐውደ ርእይ አዘጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ደብረ ታቦር
ረቡዕ፣ ግንቦት 16 ቀን 2009 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ እሑድ በመዝጊያው ዕለት የቆሙበት መድረክ ብርድ እንዳላስያዘዎት፣ ያን ሁሉ ንግግር ያወጣው ጉሮሮዎም እንዳልደረቀ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ በእግዚአብሔር ቸርነት ከአንድ ነገር በቀር ደኅና ነን። ይህን ደብዳቤ በፖስታ አሽጌ እጅዎ ላይ ባኖረው ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን ሰኞም ማክሰኞም ቢሮዎ ተመላልሼ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስለተባልኩ፣ ወደ ስብሰባ ሲገቡና ከስብሰባ ሲወጡ ቆም ብለው እንዲያነቡት በአዳራሹ በር ላይ ለጥፌዋለሁ። ሌላው ሕዝብ ቢያነበው የእኔ ጥፋት አይደለም፤ በሩ ሰፊ ነው።

እሸቴ ይሻው እባላለሁ፤ የስፌት ባለሙያዋ የጌጤ አጎት ነኝ። ጌጤን በስሟ ላያስታውሷት ስለሚችሉ ልርዳዎት፦ ከአዳራሹ በር በስተግራ፣ ከጄኔሬተሩ አጠገብ፣ ጥግ ላይ ቦታ የሰጧት ልጅ ናት።

ከቅሬታዬ በፊት ምስጋናዬን ላስቀድም። ዐውደ ርእይዎ ዓይናችንን ገልጦልናል። ከአዲስ አበባ የመጣውን፣ ጋሪ የሚያህለውንና የብርጭቆ ፍሬ እንደ ወይን ዘለላ የተንዠረገገበትን መብራት አይተናል፤ ከቤታችን ጣራ ጋር ስንለካካውም ቤቱን መብራቱ ውስጥ መሥራት እንደሚቀል ተስማምተናል። በእንቁላል አምሳል የተሠራውን ተንጠልጣይ ወንበርም አይተናል። ጎረቤቴ ወይዘሮ ፍቅርተ ዞር ዞር ብላ ካየችው በኋላ «አያ እሸቴ፣ እዚህ ላይ የተቀመጠ ሰው ሃያ አንድ ቀን ሳይነሣ መቆየት አለበት?» ብላ ጠየቀችኝ፤ መልሱን ኮሚቴዎ ያውቅ ይሆናል ብዬ አስተላልፌያለሁ።

የጌጤ ሥራ ግን ከሁሉ ይለይ ነበር፤ ይህን የምለው አጎቷ ስለሆንኩ ነው፣ ደግሞም እውነት ስለሆነ ነው። ከስንደዶ የተሰፋ፣ አፉን ወደ ታች ደፍቶ ከጣራ የሚንጠለጠል የመብራት ሽፋን ነው። በእኛ አገር ስፌት የሚመሰገነው ሲጠብቅ ነው፤ እናቷ ያስተማረቻትም ውኃ የማያሳልፍ ስፌት ነው። ጌጤ ግን ብርሃን በመሐሉ እንዲያልፍ ሆን ብላ አሳሳችው። ለጥብቅ ስፌት የለመደ እጅ መላላት ስለማይወድ፣ ሦስት ጊዜ እየፈታች እንደገና ሰፍታዋለች። ሲበራ ግድግዳው ላይ ነፋስ የሚያወዛውዘው የሣር ሜዳ ይታይ ነበር። ብዙዎች «ምስኪን፣ ስፌቱ ሳስቶባታል» እያሉ አልፈዋታል፤ አንዲት ሴት ግን ቆመች።

እርሷም ወይዘሮ ሙና ናት። ወንዛዬ ላይ ለፍል ውኃ ለሚመጡ ሰዎች ባለ ዐሥራ ስምንት ክፍል ማረፊያ ከወንድሟ ከሐምዛ ጋር እያሠራች ነው። ለየክፍሉ አንድ አንድ እንዲሰፋላት ጠየቀች፤ ሐምዛ ግን ያላየውን ነገር አይቀበልም፣ ልቡም ከአዲስ አበባው ብርጭቆ ጋር ነው። ስለዚህ የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ በአራት ሰዓት ጌጤ ቤት መጥቶ መብራቱን በርቶ በዓይኑ ሊያይ ተቀጣጥረዋል። ከወደደው ጌጤና አብረዋት የሚሰፉት አራት ሴቶች የዓመት ሥራ አገኙ። ካላየው ብርጭቆው ይገባል። ጌጤ ቤይሩት ያለች ጓደኛዋ ስትጠራት ፓስፖርት አውጥታ በሣጥን ውስጥ አስቀምጣለች፤ ቅዳሜ ካልሆነላት እንደምትሄድ ነግራኛለች። በዚህ ላይ ቀልድ ሞክሬ አልመጣልኝም።

አሁን ወደ ቅሬታዬ በታላቅ ትሕትና ልግባ።

1ኛ. በመዝጊያው ዕለት ለክብር እንግዳዎ ካባ ከደረቡላቸው በኋላ፣ ኮሚቴዎ ከካባው ጋር የሚሰጠውን መሶብ ማዘዝ እንደረሳ ታወቀ። እንግዳን ባዶ እጁን መሸኘት ነውር መሆኑን አልክድም። የተቸገረ ዓይን በአዳራሹ ሲዞር የጌጤ ሥራ ላይ ማረፉም አይገርመኝም፤ ከስንደዶ የተሰፋ ክብ ነገር ሁሉ እንጀራ ይጠብቃል ብሎ ማመን የአገራችን ሁሉ እንጂ የእርስዎ ብቻ ጥፋት አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ቢያስረዱኝ፦ በየትኛው ቤት ነው መሶብ ከጣራ ተንጠልጥሎ፣ ሆዱ ውስጥ አምፖል እየበራበት አይተው የሚያውቁት?

2ኛ. መብራቱ ከጣራው እንዲወርድ ሲያዝዙ፣ የኮሚቴዎ አባል ወንበር ላይ ወጥቶ ሽቦውን በመክፈቻው ዕለት ሪባን በተቆረጠበት መቀስ ቆረጠው። ኤሌክትሪኩ አልጠፋም ነበር። ብልጭታ ታየ፣ አዳራሹ ጨለመ፤ ሕዝቡም የፕሮግራሙ ክፍል መስሎት በጨለማ አጨበጨበ። የመቀሱ እጀታ ፕላስቲክ ሆኖ ሰውየው በሕይወት በመትረፉ ፈጣሪን አመሰግናለሁ፤ ያለዚያ ለእርሱም መሶብ ያስፈልገው ነበር፣ ለተዝካሩ። በታቦር ስም በተጠራች ከተማ፣ ስለ ብርሃን በተዘጋጀ ዐውደ ርእይ፣ በርቶ የነበረውን ብቸኛ የአገር ልጅ መብራት አጥፍቶ መዝጋት የማይረሳ መዝጊያ ነው።

3ኛ. ጌጤ ከኋላ ከተሳታፊዎች ወንበር ተነሥታ «መብራቴ ነው! እባካችሁ መብራቴ ነው!» ብላ ጮኻለች። የሥርዓት አስከባሪዎ ትከሻዋን ይዞ «ዝም በይ እንጂ፣ ተመርጦልሽ ነው!» አላት። አጠገቧ የነበሩ ሴቶችም ይህን ሰምተው እልል አሉላት። ከእሑድ ጀምሮ ቤቷ እየመጣ «እንኳን ደስ ያለሽ» የማይላት ጎረቤት የለም። ይህን ያህል ደስታ አንድ ሰው እንዴት እንደሚችለው አላውቅም።

4ኛ. ሰኞ ስመጣ ጸሐፊዎ በትሕትና «የምስክር ወረቀት ይዘጋጅላታል» አለችኝ። ወረቀቱን ከጣራ ሰቅለን አምፖል ብናበራበት ሐምዛ ይወደው እንደሆነ አሰብኩ፤ እሳት ፈርቼ ተውኩት። ማክሰኞ ደግሞ «ሣር አይደለም እንዴ? እስከ ቅዳሜ ሌላ ትስፋ» ተባልኩ። ክቡር ሆይ፣ ስንደዶ የሚነቀለው በመስከረም ነው። ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ይነከራል፤ ጌጤ ኅዳር ላይ ጀምራ ሚያዝያ ላይ ነው የጨረሰችው። አሁን ግንቦት ነው። ስንደዶ እንደ ኮሚቴ በአስቸኳይ ጥሪ አይሰበሰብም።

5ኛ. የእንግዳውን ስልክ ብጠይቅ «የሰጡትን መልሱ ማለት ነውር ነው» ተብዬ ተመለስኩ። እውነት ነው፣ ነውር ነው። የራስ ያልሆነውን መስጠት ግን ምን እንደሚባል ጸሐፊዎ ስላላወቀች፣ አባቶቻችን «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ያሉትን ብቻ አስታውሻት ወጣሁ። እኔም እንግዳውን ባዶ እጃቸውን ላስቀር አልፈልግም። የጌጤ እናት እውነተኛ መሶቧን፣ ስፌቱ የጠበቀ፣ ክዳኑ የገጠመ፣ ምንም መብራት የማያሳልፍ መሶቧን ለለውጥ ሰጥታኛለች። ተሸክሜ ያሉበት ድረስ እሄዳለሁ፤ ስምዎን አላነሣም፣ መቀሱንም አልጠቅስም። የምለምነው አንድ የስልክ ቁጥር ነው፤ እርሱንም እስከ ዓርብ ጠዋት።

ስድስተኛ ቅሬታ አልነበረኝም፤ ዛሬ ጠዋት ግን በአዳራሹ በር የዐውደ ርእዩ ሪፖርት ተለጥፎ አየሁ። «የአገር ውስጥ የመብራት ጥበብ ባለሙያዎችን ማበረታታት፦ ተከናውኗል» ይላል። ይህ ደብዳቤ ከጎኑ የተለጠፈው ብቻውን እንዳይሰለቸው ነው።

ለሰጡን ትምህርት፣ ለጭብጨባው፣ ለእልልታውና ለጨለማው ሁሉ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ስብሰባዎ ይባረክ፣ መቀስዎ አይደንዝ፣ የሚቀጥለው እንግዳዎም የጣራ ቆርቆሮ የማይመኝ ይሁን እያልኩ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ፣ በአዳራሹ በር ላይ ሁለት ጊዜ እጅ ነሥቼ እሰናበትዎታለሁ።

አክባሪዎ
እሸቴ ይሻው፣ የጌጤ አጎት

ግልባጭ፦
ለጸሐፊዎ፣ ስብሰባ ላይ ካልሆነች
በዚህ በር ለሚያልፍ ሁሉ

ማስታወሻ፦ ይህን ከለጠፍኩ በኋላ፣ ዛሬ ማምሻውን፣ የክብር እንግዳዎ ራሳቸው ጌጤ ዘንድ ደውለዋል። ሽፋኑ ውስጥ እርሷ ለገዢዎች ብላ የሰፋችውን፣ ስሟና ስልኳ ያለበትን ወረቀት አግኝተው ነው። «ልጄ፣ ይህ ዕቃ ሲገለበጥ ከሥሩ ቀዳዳ አለው፤ ባለቤቴ አይጥ የበላው መስሏት ልትጠግነው ወስፌ አንሥታ ነበር፤ ወረቀቱ መብራት ነው ይላል፤ እውነት መብራት ነው?» አሏት። ነው ስትላቸው ይቅርታ ጠየቋትና ዓርብ በመጀመሪያው አውቶቡስ እንደሚልኩት ቃል ገቡላት፤ በለውጡ የእናቷን መሶብ እንደምንልክ ስትነግራቸውም «ለእናትሽ ይቅርላት» ብለዋል። በጆንያ ሥር ተጨፍልቆ ይመጣ እንደሆነ የምናውቀው ስናየው ነው፤ ዓርብ ከጠዋት ጀምሮ አዲስ ሽቦ ይዤ መናኸሪያው ላይ ነኝ። ስለዚህ የስልክ ቁጥሩን ነገር ትቼልዎታለሁ፤ በእርሱ ምትክ አንድ ሌላ ልመና አለኝ፦ እባክዎ ኮሚቴዎን ይዘው መናኸሪያ እንዳይመጡ። እርስዎ ከመጡ የአቀባበል ሥነ ሥርዓት ይኖራል፤ አቀባበል ካለ የክብር እንግዳ አይጠፋም፤ እንግዳ ካለ ስጦታ ያስፈልጋል፤ ጌጤ ደግሞ ያላት መብራት አንድ ነው።