ለመኪና የተፈቀደ፣ ለክላይቭ የተከለከለ ጣሪያ

ለክብርት ወይዘሮ ግሌኒስ ታከሪ
የቡራንጊል ወረዳ ምክር ቤት ሰብሳቢ

ክብርት ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን አለ እያልሁ፣ ይህ ደብዳቤ በሞቀ ክፍል፣ በደረቅ ግድግዳ መካከል፣ እግርዎን ዘርግተው ሳሉ እንዲደርስዎ እመኛለሁ። እኔ እግሬን ዘርግቼ መቀመጥ ካቆምሁ ሦስት ሳምንት ሆኖኛል፤ ይህንንም የምጽፈው በየሁለት መስመሩ እየተነሳሁ፣ የምክር ቤቱ ነጭ መኪና በጠጠሩ መንገድ ብቅ አለች አላለች እያልሁ ስለሆነ የእጅ ጽሑፌን ይታገሡኝ።

እንደሚያውቁት ቤታችን በሰደድ እሳቱ ተቃጠለ። ቦታው ዳግም ሊነድ ይችላል ብላችሁ ቤት መሥራት ስትከለክሉን የመኪና ማቆሚያ ጋራዥ ግን ፈቀዳችሁልን፤ ለዚህ ቸርነት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እኔና ባለቤቴ ክላይቭ ተቆራርጦ በጭነት መኪና የመጣውን የብረት ጋራዥ ቡሎን በቡሎን አጥብቀን አቆምነው። ግድግዳውን ብርድ የሚከላከል ሱፍ ጠቅጥቀን ጂብሰም አለበስነው፤ ተጠቅላዩን የቆርቆሮ በር አውርደን ሰፊ ተከፋች የመስታወት በር ገጠምን። ምድጃ አስገባን፣ በመጨረሻም አልጋ ዘረጋን። ጥፋታችን የጀመረው እዚያ ላይ ነው።

አቤቱታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ተቆጣጣሪዎ አቶ ትሬንት ሆስኪን እጅግ ትሁት ሰው ናቸው። ሲመጡ ቦት ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው፣ በካልሲ ገብተው፣ ሁለት ኩባያ ሻይ ጠጥተው ሲያበቁ «ይህ ቤት አይደለም» ብለው ጻፉ። እዚሁ ወረዳ ተወልጄ ስድሳ አራት ዓመት ኖሬያለሁ፤ ጋራዥ ለመግባት ጫማውን ያወለቀ ሰው ግን ያየሁት እሳቸውን ብቻ ነው።

፪. ሕጉን በትዕግሥት አስረድተውኛል። «እትዬ ሞይራ፣ ቀኑን ሙሉ ቢቀመጡበት ማንም አይነካዎትም። መተኛት ብቻ ነው የማይቻለው» አሉኝ። ዐይኔን ስንት ደቂቃ ብጨፍን ወንጀል እንደሚሆን ስጠይቃቸው ግን ጫማቸውን ማሰር ጀመሩ።

፫. በሃያ ስምንት ቀን ውስጥ አልጋውን አውጥተን ወደ ካራቫናችን እንድንመለስ ታዝዘናል፤ በዚያ ተጎታች ቤት ለመኖር የጽሑፍ ፈቃድ አለንና። ጣሪያው ያፈስሳል፤ ግድግዳው ሻግቷል። የክላይቭ ሳንባ ከእሳቱ ጭስ ወዲህ አላገገመም፤ ያለፈውን ክረምት እዚያ ስናሳልፍ ሁለት ጊዜ በአምቡላንስ ተወስዷል። ሐኪሙ ሦስተኛውን አይችለውም ብለውኛል፤ ክረምቱም ደጃችን ደርሷል። ፈርቻለሁ፣ ክብርት ሆይ። ይህችን እንኳ በፌዝ ልጽፋት ሞክሬ አልሆነልኝም።

፬. አራተኛውን ስጀምር የመኪና ድምፅ ሰምቼ ብድግ አልሁ። ፖስተኛው ነው። ምን ልል እንደነበር ጠፋኝ።

ቢሆንም ሕግ አክባሪዎች ነንና ማክሰኞ ጠዋት የመስታወቱን በር ወለል አድርገን ከፍተን፣ ካራቫኑን በጎረቤታችን ትራክተር እየገፋን ጋራዡ ውስጥ አቆምነው። አልጋውንም አስገባንበት። እነሆ፣ በፈቃዳችሁ መሠረት እኛ የምንኖረው በካራቫን ነው፤ በሕጋችሁ መሠረትም ጋራዡ ውስጥ ተሽከርካሪ ቆሟል። የካራቫኑን በርና መስኮት ነቅለናቸዋል፤ የምድጃው ሙቀት እየገባለት ክላይቭ ሦስት ሌሊት ሳያስል አደረ። ካራቫን በር ይኑረው የሚል አንቀጽ ፈልጌ አጣሁ፤ ካለ በትሕትና እንዲጠቁሙኝ እለምናለሁ።

ለሰጡን ጋራዥ፣ ለላኩልን ትሁት ሰው፣ ስለ እንቅልፋችን ለሚያስቡት ሐሳብ ሁሉ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣

ምንጊዜም ነቅታ የምትጠብቅዎት፣
ሞይራ ፔንግሊ
ሰው ከማይኖርበት ሕንፃ፣ ቡራንጊል

ማስታወሻ፦ እሳቱ ባለፈበት ሰሞን መላው መንደር ዘጠኝ ሌሊት ያደረው በምክር ቤቱ የመንገድ ማሽኖች ጋራዥ ውስጥ ነበር። ክላይቭን ብርድ ልብስ በእጅዎ ያለበሱት እርስዎ ነዎት፤ «አይዟችሁ፣ ቤታችሁ ነው፤ ዝም ብላችሁ ተኙ» ያሉንም እርስዎ ነዎት። ብርድ ልብሱ የምክር ቤቱ ማኅተም አለበትና ንብረታችሁን ማስቀረት አልፈልግም። አቶ ትሬንት መጥተው ሊወስዱት ይችላሉ፤ አስቀድመው ግን ክላይቭን መቀስቀስ ይኖርባቸዋል።