ለሊቀመንበሯ ማጣሪያ ፍለጋ

እሑድ፣ ግንቦት 3 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ጠዋት

ዛሬም ጨው ጠረግሁ። ከገንዳው ጠርዝ፣ ከጠረጴዛው፣ ከሶኬቱ አፍ። የባሕር ውኃ ሲደርቅ እንደ ሽማግሌ ነጭ ጢም ያበቅላል። አየር መንፊያዋ አሁንም ታስላለች። ፈታኋት። ላስቲኳን በብስክሌት ከመነዳሪ ቁራጭ ቀየርኩላት። ትንሽ ደህና ሆነችና መሳሏን ቀጠለች።

ደብተሬ፣ አንተ እስከ ዛሬ የምታውቀው የተቃጠለ ቴሌቪዥንና የደንበኛ ጭቅጭቅ ብቻ ስለሆነ ላስረዳህ። አስቴር የታላቅ እህቴ የእትዬ ዘውዴ ልጅ ናት። ጅቡቲ አንዲት ሀብታም ሴትዮ ቤት ተቀጥራ ስትሠራ ዋና ሥራዋ የሴትዮዋን የባሕር ዓሦች መንከባከብ ነበር። ጥር ላይ ተመለሰች። እናቷ ወርቅ ትጠብቃለች። ልጅቱ ከጭነት መኪና ያወረደችው ግን በጀሪካን ውስጥ ሁለት ብርቱካንማ ዓሦች፣ ነጭ ቀበቶ የታጠቁ። አንድ የውኃ ማሞቂያ። አንድ አየር መንፊያ። ሁለት ጆንያ ለዓሣ የተሠራ የባሕር ጨው። ገንዳውን እኔ ከመስኮት መስታወት ሠራሁላት። ሰፈሩ ሁሉ ሊያይ መጣ። አንዲት አሮጊት ጣታቸውን ነክረው ቀምሰው፣ ለወጥ ይሆናል ብለው ሄዱ።

ትልቋን ሊቀመንበር አልኳት። ትንሹን ዋና ጸሐፊ። ትነክሰዋለች፣ ይንቀጠቀጥላታል፣ ከዚያ ተከትሏት ይሄዳል። ልክ እንደ ቀበሌያችን።

የሄደችው አስቴር ተጫዋች ነበረች። የመጣችው ዝምተኛ ናት። ስለ ዓሣ ከሆነ ግን ከእኔ ጋር ታወራለች። ሴትዮዋ እሑድ እሑድ እየደወለች ተመለሽልኝ ትላታለች። የአስቴር መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ለዓሦቼ ደህና ማጣሪያ ሳላገኝ ቁርጤን አልናገርም። እንግዲህ ማጣሪያው ሲመጣ ቁርጡም ይመጣል። እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው። ዓሣው አይደለም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5፣ ከሰዓት

ከድር ከአ.አ. ተመለሰ። ከሱቄ ፊት ለፊት የቤት ዕቃ የሚሸጠው ነው፤ ዕቃ ሊያመጣ ሲሄድ ለምኜው ነበር። ሁለት ካርቶን። ሞክሩና የማትፈልጉትን ሳትቧጭሩ መልሱልኝ አለ። መርካቶ የባሕር ዓሣ ማጣሪያ ብሎ ሲጠይቅ ነጋዴው የት አገር ሰው ነህ አለው አሉ። ቦንጋ ሲለው፦ "መንገዱ ሳይገባላችሁ ባሕሩ ገባላችሁ?"

አንደኛው ጥቁር፣ ዝግ፣ ባልዲ የመሰለ። ሁለት ቱቦ አለው። ውኃውን በአንዱ ይስባል፣ በሆዱ ባለው ስፖንጅ ያሳልፋል፣ በሌላው ይመልሳል። ድምፅ የለውም። ወር ሙሉ ባይነኩት አይቀየምም።

ሁለተኛው ቁመቱ እንደ ቴርሞስ። ውኃውን ከአየር ጋር ይንጠዋል፤ አረፋው ቆሻሻውን ተሸክሞ ላይ ካለው ኩባያ ይሰበሰባል። ጉሽ ጠላ ይመስላል፣ እንዳትቀምሰው። ኩባያው በየቀኑ ይደፋል፣ ይታጠባል። ቡሎኑም በየቀኑ ይስተካከላል። አስቴር እንደምትለው ጆሮ ይፈልጋል፤ አረፋው ሲበዛና ሲያንስ በድምፁ ነው የሚታወቀው። ይህን ስትነግረኝ እጇ ሁሉ ያወራ ነበር።

ገባህ አይደል? ጥቁሩ ሰው አይፈልግም። አረፋው አስቴርን ይፈልጋል።

እኔ አረፋውን መረጥኩ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

ቅስቀሳ ላይ ነኝ። ጠዋት ጥቁሩን አነሣሁና ወገቤን ያዝኩ፤ አቃሰትኩ። (ፍሪጅ በትከሻዬ የማወጣ ሰው!) ከዚያ ቱቦዎቹን አገላብጬ ሰካሁ። ኧረ ይሄ ለእኔ አይገባም፣ አንቺ ከሌለሽ ማን ያውቀዋል እያልኩ። አስቴር ነቅላ በትክክል ሰካችና አየችኝ።

"አጎቴ፣ የቴሌቪዥን ሆድ ዕቃ በጨለማ የምትገጥም ሰው ሁለት ቱቦ አቃተህ?"

"እርጅና ነው ልጄ።"

"ትናንት ከከድር ጋር በብስክሌት ስትሽቀዳደም እርጅናው የት ሄዶ ነበር?"

ሳቀች። ብርቅ ነው። ቀኑን ሙሉ ያን ሳቅ ይዤ ዋልኩ።

እትዬ ዘውዴ ግን አልሳቀችም። ጓሮ ጠራችኝ። ስትቆጣ ወደ ቋንቋችን ወደ ካፊኖኖ ትገባለች፤ ረጅም ነበር። ፍሬ ነገሩ፦ ልጅቱን በዓሣ አትሰራት፤ መሄዱም መቅረቱም የእሷ ነው፤ እኔ እናቷ አፌን ዘግቼ አንተ ምን ቤት ነህ? እሺ አልኳት። የእኔን እሺታ ታውቀዋለች።

እሑድ፣ ግንቦት 10

ተሸነፍኩ። አስቴር ጥቁሩን መረጠች። ለምን ስላት፣ እናቴን በየቀኑ ኩባያ አጣቢ ላደርጋት አልፈልግም አለች። እናቴን! እሷ በሌለችበት ማለት ነው። አፌ ግን ሌላ ቀልድ አወራ።

እስከ ዛሬ ገንዳው ውስጥ የነበረውን የድሮ ስፖንጅ አጥቤ ጥቁሩ ውስጥ ልክተት ስል እጄን መታችው። በቧንቧ ውኃ አይታጠብም። ስፖንጁ ላይ በዓይን የማይታዩ ነዋሪዎች አሉ፤ የዓሣውን ሽንት መርዝ የሚበሉት እነሱ ናቸው። ማጣሪያ ማለት ወንፊት ብቻ አይደለም፣ የእነሱ ቤት ነው። እንደ እርሾ በይኛ፣ አልኩ። እንደ እርሾ፣ አለች። ከነነዋሪዎቹ ከጥቁሩ ሆድ ከተትነውና ክዳኑን ቆለፍን።

ሠራ። ውኃው ጠራ። ሁሉም ደስ አለው። እኔን ዝምታው ያቁነጠንጠኛል። የሚያስል ነገር ስጡኝ።

ሲመሽ ስልኩ ጮኸ። አስቴር ደጅ ወጥታ አናገረች። ግድግዳው ላይ ጆሮዬን ለጥፌም አልሰማሁም። በኋላ ለእናቷ ነገረቻት፦ ማጣሪያው ሁለት ሳምንት ይታይ፤ የግንቦት 24 እሑድ ቁርጤን እነግርሻለሁ ብያታለሁ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 13

ሰማዩ ጮኸ። ነቀልን። አለፈ። ሰካሁ።

ይህ የእኔ ሕግ ነው። መብረቅ የሰፈሩን ቴሌቪዥን በአንድ ከሰዓት የፈጀ ጊዜ ሱቄ በር ላይ በትልቁ ጻፍኩ፦ ሰማይ ሲጮህ ሶኬት ይነቀል፣ ጋሽ ሀብቴ ሳያይ አይሰካ! ቦንጋ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። ሕፃናት በዜማ ይሉታል። ደመና ሲጠቁር ከገበያ ሚዛን ጥለው ወደ ቤት የሚሮጡ ሴቶች አሉ። እውነቱን ልንገርህ፣ ያኮራኛል። ከንቲባ እንኳ እንዲህ አይታዘዝም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 16፣ 11 ሰዓት

እጄ የጨው ውኃ ነው፤ ጽሑፌን ታገሠው።

ትናንት ዋጫ ከተማ ለቅሶ ሄድን፣ እኔና አስቴር። ዝናቡ መንገዱን ዘጋው፤ እዚያው አደርን። እዚህ ደግሞ ከቀትር በኋላ ሰማዩ ጮኸ። እትዬ ዘውዴ ሕጉን አከበረች። ነቀለች። ዓሦቹ እንዳይበርዳቸው ገንዳውን በጋቢ ሸፈነች። ጋሽ ሀብቴ እስኪያይ ጠበቀች። ጋሽ ሀብቴ ዋጫ ንፍሮ ይበላል።

ጠዋት ደረስን። ጫማዬን ሳላወልቅ ሰካሁት።

ጥቁሩ ጉሮሮውን ጠረገና ተፋ። የተበላሸ እንቁላል ሽታ። ውኃ የማይባል ግራጫ ነገር። አስቴር ከበሩ ጮኸች፦ ንቀለው! እንዲህ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም። ዝግ ቤት ውስጥ አየር አጥተው ያደሩት ነዋሪዎች ሞተው በስብሰዋል፤ እኔ ያንን በቱቦ ለዓሦቹ አጠጣኋቸው።

በጀሪካን ካዘጋጀችው ተጠባባቂ የጨው ውኃ ሳፋ ውስጥ ገለበጠች። ዓሦቹን በወንፊት አወጣች። አየር መንፊያዋ ዛሬ ቀን መርጣ ጭራሽ እምቢ አለች። መብራትም ሄደ። "ቅዳ!" አለችኝ። ኩባያ ያዝኩ። ሻይ ቤት ሻይ እንደሚያቀዘቅዙት፣ ከፍ አድርጎ ማውረድ፣ ደግሞ መቅዳት፤ ውኃው አየር ይዞ እንዲገባ። እሷ ስትደክም እኔ፣ እኔ ስደክም እትዬ። ከድር ሱቁን ዘግቶ መጣና አንገቱን አስግጎ አየን።

"ጋሽ ሀብቴ፣ ስኳር አልጨመርክም" አለኝ። ከዚያ ኩባያውን ከእጄ ወሰደ።

ሊቀመንበሯ በጎኗ ተኝታለች። ጸሐፊው ከሥሯ አይለይም።

እሑድ፣ ግንቦት 17

ሊቀመንበሯ ሞተች። አስቴር ጓሮ፣ ከእንሰቱ ሥር ቀበረቻት። ያለቀሰችው እትዬ ናት፤ እኔ ነኝ የነቀልኩት እያለች። ያስነቀልኩሽ እኔ ነኝ አልኳት። አስቴር ሁለታችንንም ዝም በሉ አለችን። ቁጣ አልነበረበትም። ቁጣ ቢኖረው ይሻለኝ ነበር።

ጸሐፊው ተረፈ። አስቴር አንድ ነገር ነገረችኝ፦ የዚህ ዓሣ ዘር ትልቋ ሴት ስትሞት የቀረው ወንድ ቀስ በቀስ ራሱ ሴት ይሆናል። ቀለደችብኝ መሰለኝ። አይደለም፤ ጅቡቲ በዓይኗ አይታለች። ጸሐፊው ያለ ስብሰባ ሊቀመንበር ሊሆን ነው። እሱ ይህን ያህል ሲለወጥ እኔ ባርኔጣ መቀየር ይከብደኛል።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 19

አስቴር ጠየቀችኝ። የምር። አጎቴ፣ አንተ የኤሌክትሪክ ሰው ነህ፤ ነጎድጓድና መብራት መጥፋት ለበዛበት አገር የቱ ይሻላል? አረፋውን እንያዝ?

ዕድሌን አየህ? አዎ ማለት ብቻ ነበር። ጥቁሩ ራሱን አዋርዷል። አረፋው ይገባል፣ ኩባያው በየቀኑ ይጠራታል፣ ልጅቱ ትቀራለች። አፌ ተከፈተ። ላስብበት ብዬ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ሰላም የለኝም። ሱቅ ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ ደግሞ ሄድኩ። የአንዱን ሬዲዮ በሌላው ክዳን ገጠምኩት። መልሱን ስለማውቀው ነው። ለዚህ አገር ሁለቱም አይሆኑም። አረፋውም መብራት ሲሄድ ቆሞ የሚያይ ነው። የሚሆነው ክፍት ስፖንጅ ነው፤ ገንዳው ውስጥ ተቀምጦ ከሥሩ አየር የሚነፋለት፤ ፓምፑ በሞተር ሳይክል ባትሪ የሚሠራ። ሶኬቱ ቢነቀልም ባትሪው ይነፋል። ነዋሪዎቹም አይታፈኑም። ዕቃው ሁሉ ሱቄ ውስጥ አለ። በሳምንት አንዴ ከገንዳው በተቀዳ ውኃ መጭመቅ ነው። ማንም ይችላል። እትዬ ትችላለች። እኔ እችላለሁ።

ችግሩም ይኸው ነው። ማንም ይችላል።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 23፣ ከሰዓት

ሠራሁት። አበላሸሁት፣ ደገምኩት፣ ነፋ። ሐሙስ ሰማዩ ሲጮህ እትዬ ሮጣ ነቀለች፤ ሁላችንም ዞረን ገንዳውን አየን። አረፋው አልቆመም። ጸሐፊው መሐሉ ገብቶ ጀርባውን ያስታሻል። አስቴር አጨበጨበች። ነዋሪዎቹ እስኪበዙ ውኃው በየሁለት ቀኑ በከፊል ይቀየራል፤ እሱንም አስተማረችኝ።

ዛሬ ጠዋት ፈተነችኝ። እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ቆመች። ከገንዳው ውኃ ቀዳሁ። ስፖንጁን በቀስታ ጨመቅሁ፤ በቧንቧ ሳይሆን፣ በሳሙና ሳይሆን። መለስኩት። ጨዉን ለካሁ። መንጃ ፈቃድ ስፈተን እንዲህ አላላበኝም።

"አለፍኩ?"

"ጸሐፊውን ጠይቀው" አለች።

ከዚያ በራሴ አፍ ነገርኳት። ወገቤን አሞኝ አያውቅም። ቱቦውን ያገላበጥኩት ሆን ብዬ ነው። አረፋውን የፈለግሁት አንቺን እንዲያስቀርልኝ እንጂ ለዓሣው ብዬ አይደለም። ይህ ስፖንጅ ግን ማንንም አያስርም፤ ብትሄጂም ዓሣሽ በእኔ እጅ አይሞትም። መጨረሻው ላይ አፍንጫዬን ጠረግሁ። ጉንፋን ነው አልኳት።

ገንዳውን ብዙ አየችው። ከዚያ፦ "አውቃለሁ አጎቴ፤ ስትዋሽ ምላስህ ይወጣል።" ይህን ብላ ወደ ውስጥ ገባች። አልጠየቅሁም። ለእኔ አለመጠየቅ ምን ያህል እንደሚከብድ አንተ ታውቃለህ።

አረፋውን ለከድር መለስኩለት። ጥቁሩን እኔው አስቀረሁት፤ የሸተተ ዕቃ አይመለስም።

ነገ ሴትዮዋ ትደውላለች። እዚህ ከሆንኩ ራሴን አውቀዋለሁ፤ በር ሥር እቆማለሁ፣ ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ፣ ያዘነ ፊቴን አሳያለሁ። ስለዚህ ቆርጫለሁ። በጠዋት ደካ እሄዳለሁ። አንድ ደንበኛ ዲሼን ና ሥራልኝ ካለኝ ሰነባብቷል። እዚያው አድራለሁ። ስትናገር የእኔ ፊት ከፊቷ አይሁን።

ስልኬንም መሳቢያ ውስጥ፣ ከአንተ ጋር ትቼው እሄዳለሁ። ቢጮህ አታንሣው።