የታና ወንዝ ሁለት ውሃ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ ለእትዬ ሃዱራ፣

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነልሽ? የሞምባሳ ሙቀት እንቅልፍ ይሰጥሻል? የልጅሽ ቤት ደረጃ ብዙ ነው ስላልሽኝ፣ ስትወጪም ስትወርጂም በሐሳቤ ነሽ። እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ቆሜ እሄዳለሁ። ቤቱ ባለቤቴ ሃጎዳና ካረፈች ወዲህ ጭር እንዳለ ነው፤ ዝምታውን ግን እየለመድኩት፣ ጸሎቴንም እያረዘምኩበት ነው።

ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ እርሻሽ ነው። የሩዝ ቡቃያሽ በጨው ተቃጠለ ብዬ ስጽፍልሽ ምክንያቱን አላወቅሁም ነበር። ባሕሩ ሞልቶ ወንዙን ወደ ላይ ሲገፋው፣ እንደ አባታችን ከቦዩ አፍ ቆሜ በእፍኜ ቀምሼ፣ ጨው ከሌለው የቦዩን በር ክፈቱ የምል እኔ ነኝ። ያን ቀንም ቀመስኩ፤ ጨው አልነበረበትም። በሳምንቱ ግን የሠላሳ ቤት ቡቃያ ጫፉ ነጣ። ሰዉ የማሮ ምላስ አርጅቷል ብሎ ያማኝ ጀመር። እኔም ራሴን ጠረጠርኩ። ሃጎዳና ከሞተች ወዲህ የምበላው ሁሉ አፈር አፈር ይለኝ ስለነበር፣ ምላሴ አብሯት ተቀብሮ ይሆን እል ነበር።

ባለፈው ወር ስለ ጎርፍና ስለ ወንዙ ጨው የሚያጠኑ ሰዎች ከዩኒቨርሲቲ መጡ። አለቃቸው ዶክተር ምጎይ የምትባል የታይታ አገር ልጅ ናት። የግንቦቱ ጎርፍ በየግድግዳችን ላይ የተወውን የጭቃ መስመር በሜትር ስትለካ፣ የኛን ጭቃ ምን ልታደርግበት ነው ብለን ሳቅንባት። ለካ የሚመጣው ጎርፍ የቱን ቤት እንደሚደርስበት ከዚያ መስመር ታነባለች። ከዚያ ወዲያ ከሥሯ አልጠፋ አልኩ። ጥያቄዬ ማለቂያ የለውም፤ እሷም አይሰለቻትም።

የምላሴን ነገር ስነግራት አልሳቀችም። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አግዳሚ ላይ አምስት ኩባያ ውሃ ደረደረች፤ ጨዋቸው የተለያየ ነው። ያ ጎረቤትሽ ዳዶ አፉ መቼ ያርፋል? "አርባ ዓመት ሙሉ የሃጎዳና ወጥ ጨው ሲበዛበት አንድ ቀን ትንፍሽ ያላልክ ሰውዬ፣ ዛሬ ጨው ዐዋቂ ሆንክ?" አለኝ። ዝም ያልኩት ሳላውቅ ቀርቼ እንደሆነ ጠየቅሁት። አምስቱንም ከቀላሉ እስከ ከባዱ በተራቸው አስቀመጥኳቸው፤ አንዱንም አልሳትኩም።

በማግስቱ ከቦዩ አፍ በታንኳ ወሰደችኝና ብረት የተንጠለጠለበት ሽቦ ወደ ውሃው ሰደደች። በእጇ በያዘችው የጨው መለኪያ ላይ ቁጥሩ ትንሽ ነበር። ብረቱ ሁለት ክንድ ያህል ሲወርድ ቁጥሩ ዘሎ ወጣ። የባሕሩ ውሃ ስለሚከብድ ከሥር እየተሳበ ይመጣል፤ የወንዙ ከላይ ይንሳፈፍበታል። ስልሳ ዓመት የታጠብኩበት ወንዝ ሁለት ፎቅ ኖሯል፣ እትዬ!

"አባቴ፣ ምላስዎ አልዋሸም። እርስዎ የሚቀምሱት ሌላ ውሃ ነው፤ ቦዩ የሚጠጣው ሌላ" አለችኝ። የቦዩ አፍ ከድሮው ጠልቋል፣ ጎርፉ ቦርቡሮት ይሆናል አለች። እኔም ይሆናል አልኩ።

አልነበረም። ጎርፉማ ደለል ነው የከመረበት። ደለሉን ስንጠርግ፣ የድሮው ልክ አይበቃም፣ ሁለት ክንድ ጨምሩበት፣ ብዙ ውሃ ይግባ ያልኩት እኔ ነኝ። አባታችን የቦዩን አፍ እንደ ሳህን ጠፍጣፋ አድርጎ ለምን እንደተወው ሳልጠይቅ፣ ከሱ የተሻልኩ መስሎኝ። ለሦስት ቀን ጎርፉ ስሜን ሲሸፍንልኝ ዝም አልኩ። ስጸልይም ቃሉ አፌ ላይ አልቀና አለኝ። እሁድ ከጸሎት በኋላ ቆሜ ጥፋቱ የኔ መሆኑን ተናገርኩ።

ዳዶ ተነሣና "እኛስ ዶማ ይዘን አልነበር? ወይስ አንተ ብቻህን ቆፈርከው?" አለ። ሰኞ በጭቃና በእንጨት የቦዩን ወለል ወደ ድሮው ልኩ መለስነው።

ረቡዕ አዲስ ጨረቃ ነበርና ባሕሩ ሞላ። ዶክተር ምጎይ ረጅም እንጨት ላይ ጠርሙስ አስራ፣ ቡሹን በገመድ ከታች መንቀል አስተምራኛለች። ከላይ ቀመስኩ፣ ከሥር ቀመስኩ። ከሥር ያለው ምላስ ይልጣል፤ እሱ ግን ከቦያችን ወለል በታች ነበር። እንደገና ከዘራን ወዲህ በየቤቱ የቀረው ዘር ለሌላ መዝሪያ እንደማይበቃ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ውሃው መጀመሪያ ወደ እኔ እርሻ ብቻ እንዲገባ ለመንኳቸው፤ የሚቃጠል ካለ የኔ ይቃጠል ብዬ። ሳምንት ጠበቁልኝ። በየማለዳው ተንበርክኬ ቅጠል በቅጠል አየሁት። አልነጣም። ትናንት የሠላሳውም ቤት የቦይ በር ተከፈተ፣ ያንቺም እርሻ ጠጥቷል።

ያለፈውን አዝመራሽን ያጠፋሁብሽ እኔ ነኝና፣ ይቅር በይኝ።

የልጅሽን የሃሜሳን ጉንጮች ሳሚልኝ። ባሏ ኮፋ ወደብ ሲውል ጀርባውን ይጠንቀቅ በይልኝ። ለትንሿ ለናሚ አያትሽ ሁለት ፎቅ ያለው ወንዝ አገኘ በያት፤ አላምንም ካለች መጥታ ትቅመስ። እዚያ ከፎቁ በታች ያሉትን ጎረቤትሽን ማማ ዙሌካንም ሰላም በይልኝ።

ታናሽ ወንድምሽ ማሮ

ከኪፒኒ በላይ፣ ታና ወንዝ ዳር
ኖቬምበር 16 ቀን 2018