የአባባ ጥቁር መቁጠሪያ

ፍኖተ ሰላም፣ ማክሰኞ ጥር 9

ዛሬ ወንድሜ ይበልጣል የአባባን መቁጠሪያ ከቡሬ ይዞልኝ መጣ። ክሩ ተበጥሶ እንዲያስጠግንልኝ የላክሁት እኔው ነኝ። ገና ስቀበለው ጠረጠርሁ፤ ፍሬዎቹ እንዲህ አያብረቀርቁም ነበር።

«ለውጠውብህ ይሆን?» አልሁት።

«ኧረ እታለም፣ ማን ይለውጠዋል?» አለና ዓይኑን ወደ በሩ መለሰ። ምሳ እንኳ ሳይበላ ሄደ።

አባባ በሕይወት ሳሉ «ይህ ድሮ ዛፍ ነበር፤ መሬት ውስጥ ኖሮ ኖሮ ጄት የሚሉት ድንጋይ ሆነ። ከኢየሩሳሌም የመጣ ነው» ይሉን ነበር። ለማስረጃ በበርኖሳቸው አሽተው የጤፍ ገለባ ሲያስነሱት አፋችንን ከፍተን እናያለን።

ደግነቱ ክሩ ሲበጠስ አንዷን ፍሬ አስቀርቻለሁ። ሁለቱንም በበርኖሱ አሸሁ፤ ሁለቱም ገለባ አነሱ። አላመንሁም። ጌጥ ሻጮች በጋለ መርፌ እንደሚለዩት ሰምቼ ነበርና መርፌ አጋልሁ። ይበልጣል ያመጣውን ስነካው የድንጋይ ከሰል ሸተተ። ጄት ነው። የእኔዋን ስነካት ቀለጠች፤ የተቃጠለ ጀሪካን ሸተተች።

ለካ የአባባ መቁጠሪያ ፕላስቲክ ኖሯል። ይበልጣል ይህን ያወቀው መቼ ነው? እውነተኛውንስ ከየት አመጣው? አባባ ራሳቸው ያውቁ ነበር?

አመሻሽ ላይ ደወለ። «አየሽው?» አለኝ።

«አየሁት። የአባባ ነው፤ ምንም አልሆነም» አልሁት።

«ተመስገን» አለ፤ በረጅሙ ሲተነፍስ ተሰማኝ።

መቁጠሪያውን ሣጥን ውስጥ ከተትሁት። የቀለጠችዋን ፍሬ ግን በማተቤ ላይ አሰርኋት። የአባባ እሷ ብቻ ናት።