በፎቶዬ ስር የተቀዳው መረቅ

ቀይ ወንዝ ዳር፣ ከቴት የአዲስ ዓመት በዓል በኋላ በሃያ ሦስተኛው ቀን

ይድረስ ለልጄ ለሚየን፣ ፕራግ

ልጄ፣ እንደምን አለሽ? ባልሽስ? ያቺ ገና ያላየኋት የልጅ ልጄስ ጥርስ አወጣች? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ፣ አንድ የፊት ጥርስ ጎድሎኛል፤ የቀኝ እጄ ሁለት ጣቶችም እንደ ድንች አብጠዋል። ፊደሌ ቢንጋደድ ከዚያ ነው።

አበባ ይዘሽ አውሮፕላን ማረፊያ እንደጠበቅሽኝ ሰማሁ። ሰው ሁሉ ወጥቶ እስኪያልቅ አልሄድሽም አሉ። ይህን ባልሽ በስልክ ለዶአን ሚስት ነግሯት ነው። ወንድምሽ ዶአን ራሱ ስልክ የሚያነሳበት ሁኔታ ላይ አይደለም፤ ሆስፒታል ተኝቷል። ያስተኛሁት እኔ ነኝ። ከሌላ አፍ ከምትሰሚው ብዬ ጻፍኩልሽ። ድምፅሽን ብሰማ ደግሞ መዋሸቴ አይቀርም።

ዐሥራ አንድ ዓመት ዘግተሽኝ ኖረሽ፣ የመጀመሪያው ቃልሽ ቲኬት ሆኖ መጣ። ያውም ቢዝነስ ክላስ፣ ለጉልበቱ ይሻለዋል ብለሽ። ቲኬቱን ለጎረቤት ሁሉ አሳየሁ። ለሥጋ ሻጩ ሁለት ጊዜ አሳየሁት። አዲስ ሸሚዝ ለብሼ፣ ለሕፃኗ የሐር ቀሚስ ይዤ፣ ዶአን በመኪናው አውሮፕላን ማረፊያ አደረሰኝ። በሩ ላይ "ላውንጁ ውስጥ ምንም አይብሉ፣ አውሮፕላኑ ውስጥ ይሰጡዎታል" አለኝ። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

ወንድምሽ እዚያ ላውንጅ፣ ባለ ውድ ቲኬቶቹ በሚያርፉበት አዳራሽ፣ ፎ፣ ያንን የሩዝ ኑድልስ በመረቅ፣ ማቅረብ ከጀመረ አራት ዓመት ሆኖታል፤ በእኔ ስም። እኔም ሰፈር ውስጥ ደረቴን ነፍቼ "ሚኒስትሮች የእኔን መረቅ ሳይጠጡ አይበሩም" እል ነበር። ገብቼ ግን አላውቅም፤ ያለ ቲኬት ማን ያስገባል? ያስገባችኝ ያንቺ ቲኬት ናት።

ወንበሩ ለስላሳ ነው፣ አይካድም። ምግቡ ግን! ጥቅል ጥብሱ መብራት ስር ተቀምጦ ላልቷል። ሐብሐቡን ጠዋት ቆርጠው ትተውት አልቦታል። ዳቦው ቢወረወር ሰው ይፈነክታል። ይሁን፣ የእነሱ ነው አልኩ። ጥግ ላይ የፎ ጠረጴዛ አለ፤ ከላዩ በር የሚያክል ፎቶዬ ተሰቅሏል። ጭልፋ ይዤ እስቃለሁ። እንደዚያ ስቄ አላውቅም፤ አፌን በኮምፒውተር ሳይጠግኑት አልቀሩም።

ሉዋ የምትባል ነጭ ቆብ ያደረገች አስተናጋጅ "አባባ፣ በትልቁ ላድርግልዎት?" ብላ ቀዳችልኝ። አላወቀችኝም።

ቀመስኩት። ስኳርና ዱቄት ነው። አጥንት በአጠገቡ አላለፈም። ሥጋው ትናንት ተቆርጦ ጠርዙ ጠቁሯል፤ የሩዝ ኑድልሱ ሲነኩት ይበጣጠሳል። ልውጠው አልቻልኩም፣ ልተፋውም አፈርኩ። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ሳህናቸውን ገፍተው ባላቸውን "ይሄ ነው ያ ስሙ የገነነው ሽማግሌ?" አሉ።

"ስም ሲገን ድስት ይቀጥናል" አሉ ሰውዬው።

"ቀጥኖ ነው? እጁን የታጠበበትን ነው እንጂ የሰጠን!"

ተሳሳቁ። እኔ ተነሥቼ ወደ ጠረጴዛው ጀርባ ገባሁ።

"አባባ፣ እዚህ መግባት አይቻልም!" አለች ሉዋ።

"ያ የተሰቀለው ማነው?"

"የፎው ባለቤት ናቸው።"

"እኔ ነኝ!"

"እሺ፣ እርስዎ ነዎት አባባ። አሁን ይቀመጡ፣ ሻይ ላምጣልዎት" አለችኝ፤ ለጃጀ ሰው እንደሚባለው።

ቁም ሳጥኑን በረገድኩት። ከላይ እስከ ታች የመረቅ ዱቄት በላስቲክ ተደርድሯል። አንዱን ቀድጄ ወለሉ ላይ በተንኩት። የሳህኑን ክምር በክንዴ ጠረግኩት፤ ተሰባብሮ እግሬ ስር ወደቀ። ሰው ተነሥቶ ይሸሽ ጀመር። ሉዋ ለዶአን ደወለች። ገና ከመኪና ማቆሚያው አልወጣም ነበር፤ በአቅራቢ መታወቂያው እየሮጠ ገባ።

"አባዬ፣ ሰው እያየ ነው። ይረጋጉ።"

"ይሄ ምንድን ነው?" ላስቲኩን ደረቱ ላይ ወረወርኩበት።

"እዚህ እሳት ማንደድ አይፈቀድም። አጥንት ዐሥር ሰዓት ሙሉ የት ልቀቅል?"

"ከቤት አታመጣም ነበር?"

"የቱን ላምጣ? እኔ የቀቀልኩት የእርስዎን አይመስልም! ስድስት ዓመት ሞከርኩ!" ፊቱ ተለወጠ። ከዚያ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አንተ አለኝ። "አንተ ግማሹን ነው ያስተማርከኝ! የመጨረሻውን ሰዓት በር ቆልፈህ ትጨርሳለህ፣ ስትሞት ልትነግረኝ! ሚየን ብታውቅብህ እጇን ቀቀልከው!"

ከድስቱ ያነሣሁት የብረት ጭልፋ እጄ ላይ ነበር። ጆሮ ግንዱን አልኩት። ደሙ ሸሚዙ ላይ ሲፈስ አየሁ፤ አይቼም ደገምኩት። ሦስተኛውን ስሰነዝር አንገቴን ያዘና በግንባሩ አፌን መታኝ፤ ጥርሴ የሄደው ያኔ ነው። ተያይዘን ጠረጴዛው ላይ ወደቅን። በኤሌክትሪክ የሚሞቀው ትልቁ ድስት ተገለበጠና የፈላው ሁሉ ደረቱና ግራ ክንዱ ላይ ፈሰሰ።

ያንን ጩኸት አውቀዋለሁ። ካንቺ አፍ ሰምቼዋለሁ።

ዘበኞቹ ደረሱ። ጭልፋውን አልለቅም ስል ጣቶቼን በዱላ ቀጠቀጧቸው፤ አልፈርድባቸውም። ጉንጬን ዱቄቱና ደሙ ላይ አስተኝተው ሲያስሩኝ፣ ፎቶዬ ከላይ ይስቅ ነበር። አውሮፕላንሽ ሲጠራ ሰማሁት። የእኔንም ስም ሁለት ጊዜ ጠሩት። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች ይባል የለ?

የመንደራችንን ሕግ ታውቂዋለሽ። ሙያው ለወንድ ልጅና ለምራት እንጂ ለሴት ልጅ አይሰጥም፤ ባዳ ቤት ይዛው ትገባለች ይባላል። ለወንዱም ቢሆን አባት የመጨረሻዋን ነገር ትንፋሹ እስክትወጣ ይይዛታል። አባቴ ለእኔ የነገረኝ ሊሞት ሩብ ሰዓት ሲቀረው ነው። ከዚያ በፊት ብጠይቀው ጣቴን በዘነዘና ሰብሮታል። እኔም አባትነት ይህ መሰለኝ።

ዶአን አልከሰሰኝም። ፖሊስ አስፈርሞ ለቀቀኝ፤ በቀጥታ ሆስፒታል ሄድኩ። ክንዱ እስከ ትከሻው ተጠቅልሏል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ "ስማኝ፣ የመጨረሻዋን ነገር ልንገርህ" አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

"ካንተ አፍ አልቀበልም" አለ። "ሚየን ከሰጠችኝ እቀበላለሁ።"

እንግዲህ ያን ማለዳ ልጻፈው፤ ስንሸሸው ኖረናል። ድስቱ አጠገብ ደብተር ይዘሽ አገኘሁሽ። "ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም" ብዬ የጻፍሽበትን ገጽ ከደብተሩ ገንጥዬ ወሰድኩት፤ ጭልፋ ሙሉ የፈላ መረቅም እጅሽ ላይ ደፋሁ። ለሰው ሁሉ አመለጠኝ ብያለሁ። ለእናትሽም እስክትሞት አመለጠኝ ብያታለሁ። አላመለጠኝም፤ አስቤ ነው የደፋሁት።

አንቺ በሄድሽ በሳምንቱ ልሳለቅብሽ ብዬ ገጹን አነበብኩት። አጥንቱን፣ የተጠበሰውን ዝንጅብል፣ ቀረፋውን፣ ሁሉን በትክክል ይዘሽዋል። ግርጌው ላይ ግን "አባዬ ለጣዕም የደረቀውን የባሕር ትል ከመጀመሪያው ይጨምራል፤ ተቆልቶ በመጨረሻው ሰዓት ቢገባስ?" ብለሽ ጽፈሻል። ተናደድኩ። ስሕተትሽን ላሳይሽ ብዬ፣ አንቺ በሌለሽበት፣ እንዳልሽው አደረግኩት። ከዚያ ቆሜ ሦስት ሳህን ጠጣሁ።

የፎ ቤታችን ሰልፍ እስከ መንገዱ የደረሰው ከዚያ ወዲህ ነው። የላውንጁ ሰዎችም ደጃችን የመጡት ያንን መረቅ ቀምሰው ነው። በር ቆልፌ የምጨርሰው፣ ከወንድምሽ የደበቅኩት ነገር የአባቴ አይደለም፤ ያንቺ ነው። አንቺ ያቦካሽውን ይህ ከተማ ዐሥራ አንድ ዓመት በላው፣ እኔ ፎቶ ተነሣሁበት። አፈርኩ ልጄ። ዕድሜዬን ሙሉ ተቆጥቼ እንጂ አፍሬ አላውቅም ነበር፤ ቁጣ ይቀላል።

አሁን ለዶአን በእጅሽ ጻፊለት። ሥራው ከእህቱ የመጣ መሆኑን ይወቅ። እኔ ሌላ ቲኬት አልጠይቅሽም። የሐሩን ቀሚስ በፖስታ እልካለሁ፤ ያኔ አብሮኝ ወድቆ ጠርዙን ደም ነክቶት ነበር፣ ሉዋ ወስዳ አጠበችው። ፎቶዬንም አውርደውታል አሉ፤ ደግ አደረጉ።

የአያቶቻችን መንፈስ ቤትሽን ይጠብቅ። ባልሽ ይክበርልሽ። የልጅ ልጄን እጅ እሳት አይንካው፤ ድስት አጠገብ መጥታ ስትቆም ግን፣ አደራሽን፣ አታባርሪያት።

አባትሽ ባንግ

ገጹን ከዚህ ጋር አጣጥፌዋለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ እኔ ግን ይኸው ለቀቅኩት። ቅባት ጠጥቶ ፊደሉ ቢደበዝዝብሽ አትቀየሚኝ፤ ዐሥራ አንድ ዓመት በየማለዳው ሳላየው ቀቅዬ አላውቅም።